ያልተቃጠለው ፊልም

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ካሜራዎቹን ለመሸጥ አልጨከንኩም። ይልቅ ፎቶ ማንሳት እንድታስተምረኝ፣ ሙያውን ከእሱ የተማረችውን ዘይነባን ለመንኳት። "ከዲጂታሉ በፊት በፊልሙ ይልመዱ፣ እትዬ፤ ፊልም ጥንቃቄ ያስተምራል" ብላ አዳማ መሀል ወዳለው ስቱዲዮዋ አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ፎቶ አንዲት ቆንጆ ሴት ሶደሬ ወንዙ ዳር ዛፍ ተደግፋ ትስቃለች። "የጋሼ ሥራ ናት!" አለችኝ በኩራት። ቀናሁ። እኔንም ሳንጋባ ሶደሬ ወስዶ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳኝ ውሎ፣ "ብርሃን ገብቶበት ፊልሙ ተቃጠለ" ብሎ አንዲት ፎቶ እንኳ አልሰጠኝም። የእሷ እንዴት ሳይቃጠል ቀረ?

ዘይነባ የካሜራውን ጀርባ ከፍታ ፊልም አስገባች። "አንዱ ፊልም ሠላሳ ስድስት ያነሳል። ሲያልቅ ጠቅልለው ያወጡና ሌላ ያስገባሉ።"

"እኔን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያነሳኝ አንዴም ከፍቶ አልቀየረም" አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በባዶ ካሜራ ነዋ! ወላሂ፣ ፊልም መግዣ አጥተው ነው። እርስዎን ጠግበው ለማየት ነው ቀኑን ሙሉ ያቆሙዎት!"

ፊቴ ጋለ። ቅናቴ ግን አልበረደም። "ለእሷ ታዲያ ፊልሙ ከየት መጣ?"

"ከፍላ ነዋ፣ እትዬ!"

ሳቄ አመለጠኝ። ቢሆንም ዘይነባን ግድግዳው ፊት አቁሜ የመጀመሪያዬን ፎቶ ሳነሳ፣ "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ" እያልኩ ያቺን ሴት በትከሻዋ አስጋረድኳት።