ኖር ብለው የተቀጡ ልጆች

በኛ ጊዜ ኳስ ድቡልቡል ነበረች። በእግርህ ትጠልዛታለህ፣ ትሄዳለች፣ አለቀ። ይቺ የያፌት ኳስ ግን፣ ያፌት እንግዲህ የልጄ ልጅ ነው፣ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላው፣ ይቺ የሱ ኳስ በሁለት በኩል ሾጣጣ ናት፣ የሚይዟት በእጅ ነው፣ ስሟ ግን እግር ኳስ! የአሜሪካ እግር ኳስ! «እግሩ የታለ?» ብለው «አባባ፣ ባራ ቲታ» አለኝ፣ ዝም ብለህ እይ ማለቱ ነው። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን በስዊድንኛ ነው፣ በስዊድንኛ ደግሞ አንቱ የለም፣ ሐኪሙም አንተ ነው፣ ሚኒስትሩም አንተ ነው፣ እኔም አንተ ነኝ። እና ዝም ብዬ አየሁ።

ሶስና፣ አንቺ ከአዲስ አበባ ከመጣሽ ገና ዓመትሽ ነው፣ እነዚህ ሁሌ የሚሰሙኝ እንኳ ቢሰለቹ ላንቺ ላስረዳሽ። አምስት ግዙፍ ግዙፍ ልጆች ከፊት ይደረደራሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ጣታቸውን መሬት ያስነካሉ። ያፌት ከኋላቸው ይቆማል። ኳርተርባክ ነው የሚሉት። ኳሷ በሱ እጅ ናት፣ ወይ ይወረውራታል ወይ ይዟት ይሮጣል። ያፌት ደግሞ ሯጭ ነው፣ ከሕፃንነቱ አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። የአምስቱ ሥራ አንድ ብቻ ነው፣ ባላጋራ ገብቶ ያፌትን እንዳይጥለው መከልከል። ኳሷን ይዘው አይሮጡ፣ አያገቡ፣ ስማቸውን የሚጠራ የለ። መሀል ያለው ኢዮብ ብቻ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብላታል፣ ከዚያ እሱም ይረሳታል። ኢዮብ የወይዘሮ ዘነቡ ልጅ ነው፣ እዚሁ ፊቲያ ሰፈር በር ለበር ነን፣ ከያፌት ጋር አንድ ደረጃ ላይ ተንከባለው ነው ያደጉት። አሁን ግን በር የሚገባው በጎኑ ነው፣ እንደዚያ ያለ ልጅ ሆኗል።

ታዲያ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አርፍጄ ደረስኩ። የሜዳው በር ከአምስቱ ፊት ለፊት ነው፣ ከባላጋራዎቹ በስተጀርባ። ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ምርኩዜን ይዤ ገባ ስል አምስቱ አጎንብሰዋል፣ ጣታቸው መሬት ላይ ነው፣ ሜዳው ጸጥ ብሏል። ኢዮብ ቀና ሲል አየኝ። ተነሳ! «ኖር!» አለ። በቀኙ ያለው ተነሳ፣ በግራው ያለው ተነሳ፣ ሦስቱ የኛው የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸዋ። የፊንላንዱ ልጅ ሦስቱ ሲነሱ ጊዜ አዲስ ብልሃት መስሎት ተነሳ። የቺሌው ልጅ ብቻውን ቁጢጥ ብሎ መቅረት አፍሮ ተነሳ። እኔም ባርኔጣዬን አንስቼ «በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ!»

ፊሽካ ተነፋ! ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ወረወረ። እኔ ለክብሬ የተወረወረ መስሎኝ፣ ውነቴን ነው፣ ከመሬት አንስቼ አራግፌ መለስኩለት። ለካ ቅጣት ኖሯል! ኳሷ ወደ ኋላ ሳትተላለፍ ከመስመሩ የተነሳ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይባረራል።

እና ሽንት ቤቱ ደግሞ ከበሩ ውጪ ነው። በኔ ዕድሜ... በቃ አራት ጊዜ ወጣሁ፣ አራት ጊዜ ገባሁ። በገባሁ ቁጥር አምስቱም ብድግ! በገባሁ ቁጥር ፊሽካ! አሰልጣኙ ላሽ መጣ፣ ቀይ ሰው ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ይበልጥ ቀልቷል። «ተሰማ» አለኝ፣ እንዲሁ መለመላውን ተሰማ፣ «ተሰማ፣ እባክህ አትመላለስ።» «ሰው ነኝ እኮ፣ ያስወጣኛል!» አልኩት። «ታዲያ ስትገባ ጎንበስ ብለህ ግባ» አይለኝም? ሽማግሌ እንደ ሌባ በአጥር ጥግ ይግባ!

ግን እናንተ ሰዎች፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አርባ ዓመት እዚህ አገር ስኖር፣ ሃያ ስምንቱን አውቶቡስ ስነዳ፣ ለኔ ብድግ ያለ ሰው አላውቅም። በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ስሄድ ውሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ነው የምሄደው። ውሻውም አያፍር፣ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ታዲያ አምስት ተራራ የሚያካክሉ ልጆች ባንዴ ሲነሱልኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያን ቀን ተሸነፉ። መሸነፉስ ባልከፋ፣ ያፌትና ኢዮብ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሊደባደቡ ሲሉ ገላገሏቸው። ላሽም ቁርጡን ነገራቸው፣ «የቀረን አንድ ጨዋታ ነው፣ ከሱንድቢበሪዎቹ ጋር። እንዲህ ሆናችሁ ከተሸነፋችሁ ያፌት ከቦታው ይነሳል።» ኢዮብም «እሱ ተነሳ አልተነሳ እኔ ትቼዋለሁ፣ ዓይኑንም ማየት አልፈልግም» አለ። አያችሁ፣ ኳሱ ገደል ይግባ፣ የአንድ ደረጃ ልጆች ሊለያዩ ነው!

እና ሁለቱንም ቤቴ ጠራኋቸው። አንዱን ሶፋው ወዲህ ጫፍ፣ አንዱን ወዲያ ጫፍ። ኢዮብ የተቀመጠበት በኩል ሶፋው ስለሚሰምጥ ያፌት እየተንሸራተተ ይመጣበታል፣ እየተነሳ ይርቃል፣ ተመልሶ ይንሸራተታል። «በሉ ተናገሩ» አልኩ።

ኢዮብ ጀመረ። «ጋሼ፣ እኛ ጀርባችንን ሰጥተነው ነው የምንጋፋው። የት እንዳለ አናይም። እኔ ሰውዬውን ለፍቼ ለፍቼ ወደ ግራ እገፋዋለሁ፣ ዞር ስል ያፌት ወደ ግራ ሮጦ እዚያው ሰውዬ እቅፍ ውስጥ ገብቷል! ሰውዬው ዞሮ ሊይዘው ሲል ልብሱን እጨብጠዋለሁ፣ ቢጫ ጨርቅ! ሲያመልጥ ያፌት ይጨበጨብለታል፣ ሲወድቅ እኛ እንሰደባለን።»

ያፌት በስዊድንኛው ተንጣጣ። «ካልሮጥኩ እኮ እሞታለሁ! እነሱ ባላጋራን ያሾልካሉ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «እኔ ኳስ አላውቅም፣ አውቶቡስ ግን አውቃለሁ። ረጅሙን፣ መሀሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውን። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ፊቱን እንደ ታክሲ አጠፍኩትና ኋላው የአበባ ሻጯን ባልዲ በሙሉ ጠራርጎ ወሰደው። አለቃዬ ኋላውን አልተቆጣም፣ እኔን ነው የተቆጣኝ። ኋላው ዓይን የለውማ! ያፌት፣ አንተ ጭራ አለህ። ጭራህ አምስት ሰው ነው። ስትታጠፍ ተናገር!»

ኢዮብ ሳቅ አለ። «አንተም አትሳቅ» አልኩት። «የባላጋራዎቻችሁን ኳርተርባክ አይቼዋለሁ፣ እንደ ግንድ ተገትሮ ነው የሚቆመው። ታዲያ የኛ ልጆች ያለ ሐሳብ ይሮጡበታል። ወደ ያፌት የሚመጡት ግን በግማሽ ልብ ነው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ ብለው፣ እንዳያመልጣቸው ፈርተው። ያ ግማሽ ልብ ባይቀነስልህ ኖሮ አንተ ትችላቸው ነበር? እሱ በሩጫው ያሳርፍሃል፣ አንተ በወገብህ ጊዜ ትሰጠዋለህ።»

በመጨረሻ ያፌት ከኢዮብ ጀርባ ላይርቅ፣ ሲሮጥም በአማርኛ «ግራ!» «ቀኝ!» ብሎ ሊናገር ተስማሙ፣ ባላጋራ እንዳይገባው። የፊንላንዱና የቺሌው ልጆችም እኔ ሳሎን መጥተው ግራና ቀኝን ተማሩ። ፊንላንዳዊው «ቀኝ»ን ለማለት ትንሽ ታነቀ እንጂ ወጣለት።

ኢዮብ ታዲያ ሲወጣ በር ላይ ቆመ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ... አንድ ነገር ነበር... እርስዎ ባይመጡስ?» አለኝ። ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ኋላ አሰብኩና «እመጣለሁ» አልኩ። «እናንተ ግን አትነሱ። ሜዳ ላይ ለተሰማ አይነሳም፣ ፈቅጃለሁ።» ይህን ስናገር የቤቴን ቁልፍ ለሰው የሰጠሁ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ምን ልበላችሁ።

የሱንድቢበሪዎቹ ቀን ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልጠጣሁም። ያፌት «ቀኝ!» ይላል፣ አምስቱ ወደ ቀኝ ይገፋሉ፣ እሱ በኢዮብ ጀርባ ተጠግቶ ውልቅ! «ግራ!» ውልቅ! ላሽ ይዘላል፣ እኔን አቅፎ ይዘላል። ከእረፍት በኋላ ግን ሱንድቢበሪዎቹ አንድ የማላውቀውን ልጅ አስገቡ። ሁለት ኢዮብ ያህላል! ያፌት «ቀኝ!» ሲል ልጁ ቀኝ ደርሷል። «ግራ!» ሲል ግራ ደርሷል። ያፌትን ሦስት ጊዜ በጀርባው አነጠፈው። «ይሄ ወይ ሰይጣን ነው ወይ አማርኛ ያውቃል» አልኩ። ፊቱ እንዳይታይ ሁሉም ያን የብረት ጭንብል ለብሰዋል።

ውኃ ባልጠጣም ሽንቴ መጣ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ከእረፍት በኋላ ደግሞ ጎን ተቀያይረዋል፣ በሩ አሁን ከኛዎቹ በስተጀርባ፣ ከባላጋራዎቹ ፊት ለፊት ሆኗል። ስገባ ያ ግዙፍ ልጅ ጣቱን መሬት አስነክቶ ቀና አለ። አየኝ። ብድግ! ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አንገቱን ሰበር አደረገልኝ! እነሱ በኩል መቆም ቅጣት የለውም፣ ግን ኳሷ በዚያችው ቅጽበት ወደ ኋላ ተላለፈች፣ ኢዮብም የቆመውን ልጅ ደረቱን ብሎ እንደ ተነቀለ በር አስተኛው። ያፌት በዚያ ክፍተት አሥር እርምጃ ሄደ።

አወቅኩ። የኛ ልጅ ነው! ታዲያ ምን ላድርግ ብላችሁ ነው? ጨዋታው አንዲት ዙር ቀርታዋለች፣ ኳሷ መስመሩን ማለፍ አለባት፣ ካላለፈች ያፌት ከቦታው ይነሳል፣ ኢዮብ ይሄዳል። እኔ ሽንቴ አልመጣም። ጌታ ምስክሬ ነው አልመጣም። እያወቅኩ ወጣሁ፣ እያወቅኩ ተመልሼ ገባሁ፣ ባርኔጣዬን ሳይቀር አስተካክዬ!

ልጁ አሁን ወድቆ የተነሳ ነው፣ ሣሩ ገና ከጀርባው አልረገፈም። አየኝ። ትንሽ ያመነታ መሰለኝ። ከዚያ ተነሳ።

ኢዮብ ደረመሰው፣ ያፌት በላዩ ዘሎ ገባ። አሸነፍን! ያፌት ኳሷን ለኢዮብ ሰጠው፣ ኢዮብ ኳስ ይዞ ስለማያውቅ እንደ አራስ ልጅ ታቀፋት። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ላሽ ያለቅሳል። እኔ ብቻ ነኝ ያልተደሰትኩት።

ወደ ልጁ ሄድኩ። መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጭንብሉን አውልቋል፣ ጠይም፣ ለጋ ፊት። «የማን ልጅ ነህ?» አልኩት። በስዊድንኛ ከስፖንጋ ሰፈር ነኝ አለኝ። «ለምን ተነሳህ ልጄ?» «ማማ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነስ ትላለች።» «ጨዋታ ላይም?» «ጨዋታ ላይ ሲሆን ይቅር አላለችም።»

እኔ ሞትኩ! የራሴን ልጆች አትነሱልኝ ብዬ አሠልጥኜ፣ የተነሳልኝን አንድ ልጅ ሁለቴ አስጣልኩት። «ልጄ፣ ሁለተኛውን ሆን ብዬ ነው፣ ይቅር በለኝ» ብዬ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል፣ እሱ ደግሞ ደንግጦ የኔን ሊስም ተነሳ፣ ግንባር ለግንባር ተላተምን። እዚህ ጋ እዩት፣ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ።

ላሽ ከዚያ ወዲህ «ተሰማ፣ በየጨዋታው ና፣ ተመላለስ» ይለኛል። አልመጣም! ከሄድኩም ማንም ሳይገባ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ አልነቃነቅም። ክብርን መቀበል ወግ ነው፣ በክብር ሰው መጣል ግን ነውር ነው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ከከተማ ስመለስ ቱነልባናው ጢም ብሏል፣ ገባሁ፣ ማን ይነሳል? ውሻውም ወንበሩ ላይ ነው። ለካ ያ ልጅ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል! አየኝ። መጀመሪያ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ኢዮብ እንደሌለ አረጋገጠ፣ ከዚያ በቀስታ ተነሳና «ኖር» አለኝ፣ በአማርኛ።

«ታዲያ ተቀመጡ፣ ጋሼ?» አለች ሶስና፣ ሳቋ እያቋረጣት።

«ተቀመጥኩ እንጂ! ፊቲያ መውረድ ነበረብኝ፣ አልወረድኩም። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድኩ።»