የበሩ ፕላስቲክ ሪቬቶች

ሞርስ ሮድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት ሽማግሌ ስለ መኪናው ያወራል።

«ጋሼ፣ የበሩን የውስጥ ፕላስቲክ የሚይዘው ሪቬት፣ ያ ትንሹ ማያያዣ፣ እየወጣ አስቸገረኝ።»

«ቀዳዳውን ሜዠር አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ። ልኩን ነው የገዛሁት።»

«የብረት እንዳይሆን፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል።»

«የፕላስቲክ ነው፣ መሃሉ ፒን ያለው። ፒኑን ስጫነው ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መኪናውን ቆልፌው አድራለሁ፤ ጠዋት ስከፍተው ስምንቱም ሪቬቶች ወንበሩ ላይ ተደርድረው አገኛቸዋለሁ።»

«ያ ዓይነቱ እኮ ከጀርባው፣ ከበሩ ውስጥ ካልገፉት አይወጣም።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት።»

«መኪናውን ከየት አመጣኸው?»

«ከኦክሽን፣ በጨረታ። ጎርፍ ገብቶበት የነበረ ነው።»



«ዛሬስ ለምን አልነዳኸውም?»

«ዛሬ ፕላስቲኩ ራሱ ወልቆ፣ ወንበሩም ረጥቦ አገኘሁት።»

እኔም የአውቶቡሱ ግድግዳ ፕላስቲክ ላይ አስደግፌው የነበረውን ጉልበቴን ቀስ ብዬ ሰብሰብ አደረግሁት።