ፔኒሲሊንን የዋጠ ፎርም

መሃል ከተማ ላለ አንድ ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ድረ ገጽ በፓይተን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፕሪንተር ላስተካክል ሄጄ ሳለ፣ ነርሷ ለአንዲት እናት መርፌ ታዘጋጃለች።

«የማይስማማዎት ሰልፋ ብቻ ነው አይደል?» አለቻቸው ስክሪኑን እያየች።

«ኧረ ፔኒሲሊንም አይስማማኝም! ልጄ በስልኳ ሁለቱንም ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ።»

ነርሷ መርፌውን መልሳ አስቀመጠች። ፔኒሲሊን ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ ሳየው፣ ፎርሙ ሁለቱንም መልሶች በአንድ የጥያቄ ስም አከታትሎ ልኳል፤ የእኔ ኮድ ግን አንድ መልስ ብቻ የሚወስደውን «ጌት» የተባለ ትእዛዝ ስለሚጠቀም የመጨረሻውን ብቻ ተቀብሎ የፊተኛውን ጥሎታል። በ«ጌት» ፋንታ «ጌትሊስት» ብዬ ሁሉንም እንዲቀበል አደረግኩት። አንድ ቃል ናት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀችም።

«ይቅርታ እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ተስተካክሏል» አልኳቸው።

ትንሽ አሰብ አድርገው «ከኔ በፊት የተመዘገቡትስ ልጄ?» አሉኝ።

የተጣለውን አዲሱ ኮድ አይመልሰውም። ከነርሷ ጋር ስልክ ቁጥሮቹን አውጥተን፣ «የማይስማማዎት መድኃኒት ምን ምን ነው?» እያልን ለእያንዳንዱ ታካሚ ስንደውል ዋልን።

አምስተኛው ሰውዬ «ሦስት ናቸው» አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ነበር።