የቁም ተዝካር

«ሄሎ? … አቤት፣ ዶክተር ዘመነ ነኝ። … ማን ልበል? … አሃ፣ ወለተ ሐዋርያት! የየኔታ ኪዳነ ማርያም ልጅ፣ የዲማው! ምነው አባትሽ ጠፉ? ቀጠሯቸው አልፏል እኮ። … ድግስ? እሰይ! የምን ድግስ? … ተዝካር? የማን?»

ዘመነ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«የእሳቸው? … ቆይ፣ በሕይወት አሉ? … በቁማቸው! … ‹ሐኪሙ ሞቴን ሳይደብቅ ነገረኝ› አሉ? … ሊያመሰግኑኝ ነው የጠሩኝ? ወይ ጉድ! … ኧረ እንደዚያ አላልኩም! — ሲስተር ሶልያና፣ ሰው አታስገቢ፣ ትንሽ ይጠብቁ — ትሰሚኛለሽ? እሳቸውን አገናኚኝ፣ በማርያም።»

የኔታ ወደ ስልኩ እስኪመጡ፣ የመረመራቸው ቀን ትዝ አለችው። ደጁ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሽማግሌውን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይል፣ «ሳንባዎ ላይ ነገር አለች፤ አሁን የምናደርገው የለም፤ በስድስት ወር ይመለሱ» ብሎ ሸኛቸው። ምንም የማይደረግለት በሽታ ደግሞ ለየኔታ አንድ ነው፤ ሞት። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

«የኔታ! ይፍቱኝ። … ይሰማል? … ሽንብራ የምታክል ናት። የድሮ ቲቢ ጠባሳ ልትሆን ትችላለች፤ ክፉም፣ ካንሰርም ልትሆን ትችላለች። የምትለየው ማደግ አለማደጓን ስናይ ነው፤ ቀጠሮውም ለዚሁ ነበር። … የሕክምና መጽሐፉማ አለ፤ ግን የተጻፈው የሌላ አገር ሰው ሳንባ ታይቶ ነው። ቲቢና የቤት ጭስ በበዛበት በእኛ አገር ስንቷ ክፉ እንደምትሆን፣ እስከ መቼ መጠበቅ እንዳለብን፣ በደንብ ያጠናልን የለም። … አዎ፣ ያኔ እንዲህ ብዬ መንገር ነበረብኝ። … ሰው በዝቶብኝ … አይ፣ ይሄም ምክንያት አይሆንም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«የቆሎ ተማሪዎችዎንስ? … በተኗቸው? ሁሉንም? … ወይኔ! … ያስጠሯቸው እንጂ! ሰኞ ይምጡ፣ በር ላይ ቆሜ እቀበልዎታለሁ። … እ? … ጠላው ተጠምቋል፣ አገሩ ተጠርቷል … ‹ታዲያ የምን ድግስ ነው ልበል?› … ምን ልበልዎ … ተዝካር ነው አይበሉ። ምስጋና ነው ይበሉ እንዳልልዎ … አላውቅም፣ የኔታ። … እርስዎ ይስቃሉ፣ እኔን ያቃጥለኛል። … እመጣለሁ። ልበላ አይደለም፣ እግርዎ ላይ ልወድቅ። … ሄሎ? የኔታ?»

መስመሩ ተቋርጧል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሶልያና … ቀጣዩን አስገቢ። ቆይ፣ መጀመሪያ ወንበር አምጪላቸው።»