ስለ ወይዘሮ አስቻለች ክፍል ምስልና ድምፅ

የምስክር ስም፦ ልዩ ተከስተ ወልደአብ
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ የቤት ውስጥ ኔትወርክ፣ የድምፅና የምስል ዕቃ ገጠማ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቄራ አካባቢ
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡20
ቃሉን የተቀበሉት፦ ም/ሳጅን ሊካሳ ዋቆ

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ደምበል አጠገብ በምትገኝ ሱቅ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የአንድን ቤት ፊልም፣ መዝሙርና ሙዚቃ በአንድ ማጫወቻ ሣጥን ላይ ሰብስቤ በገመድና በዋይፋይ ወደየክፍሉ ማድረስ ነው። ባለቤቱ በስልኩ ሳሎን ምን ይታይ፣ ማድ ቤት ምን ይሰማ ብሎ ያዛል።

ተጠርጣሪውን አቶ ፍሬአብ ካሳይን ያወቅሁት በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ካዛንቺስ፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው ባለ አንድ ፎቅ ቤቱ ለሥራ ጠርቶኝ ነው። በሰባት ክፍሎች ቴሌቪዥንና የኮርኒስ ስፒከር ገጠምኩ። ፎቅ ላይ በሚገኘው በእናቱ በወ/ሮ አስቻለች ክፍል ደግሞ ካሜራ ጨመርኩ። ወ/ሮ አስቻለች የ81 ዓመት እናት ሲሆኑ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም፤ አእምሯቸው ግን ንቁ ነበር። በስፒከሩ ቅዳሴ ስከፍትላቸው «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እዚህ ድረስ አመጣሽልኝ» ብለው መረቁኝ።

ካሜራው እንዲገባ የጠየቀችው አሶሳ በመምህርነት የምትሠራው የአቶ ፍሬአብ እህት ወ/ሮ አምሳለ ካሳይ ናት። እናቷን ወደ አሶሳ ልትወስድ ፈልጋ ወንድሟ «እናቴ ከእኔ ቤት አትወጣም» ብሎ በዘመድ ፊት ስለማለ፣ ቢያንስ በስልኳ በየቀኑ ልታያት ተስማሙ። ካሜራው ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም ነበር።

ኅዳር 5 ቀን አቶ ፍሬአብ ደውሎ «መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ እህቴ እየደነገጠች አስቸገረችኝ። ካሜራው ሲጠፋ የተቀዳ ነገር እንዲያሳያት ማድረግ ትችያለሽ?» አለኝ። የሃያ ደቂቃ ሥራ ስለነበር ሳልጠይቅ ሠራሁለት። ኅዳር 4 ቀን ጠዋት የተቀዳ የሦስት ሰዓት ምስል መረጠ። በምስሉ ላይ የዚያን ጊዜዋ የቤት ሠራተኛ ሙሉመቤት ለእናትየው እንቁላል ታጎርሳለች፣ ፀጉራቸውን ታበጥራለች። በዚያው ቀን መዝሙር በተወሰነ ሰዓት በራሱ እንዲከፈት እንዴት እንደሚደረግም አስተማርኩት።

መጋቢት 12 ቀን ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ገደማ ወ/ሮ አምሳለ ደወለችልኝ። «ልዩዬ፣ እናቴ በሁዳዴ እንቁላል እየበላች ነው» አለችኝ። እናቷ በሕመም ጊዜም ጾም ሽረው እንደማያውቁ ነገረችኝ። «መጀመሪያ ሐኪም አዟት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ግን በቃ፣ በየቀኑ በሻይ ሰዓት ስከፍተው ያችኑ እንቁላል ነው የምትበላው። አንዴ ያስላታል፣ ሙሉመቤት ጀርባዋን ትመታታለች። በየቀኑ! ፍሬአብ ጋ ስደውል ሁልጊዜ ተኝታለች ነው የሚለኝ።» ይህን ስሰማ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ለእርሷ ግን በስልክ አልነገርኳትም። ነገ ሄጄ አያለሁ አልኳት።

በማግሥቱ ዓርብ መጋቢት 13 ቀን ከጠዋቱ 5፡30 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ደረስኩ። በር የከፈተችልኝ የአቶ ፍሬአብ ባለቤት ወ/ሮ ደሊና ናት። ለኔትወርክ ሥራ ነው የመጣሁት ስላልኳት አስገባችኝ። ሳሎኑ ውስጥ የቤት ሽቶ እስኪያንቅ ድረስ ተረጭቷል፤ ከሽቶው ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር። እርሷ ምሳ አቅርባ ተከታታይ ፊልም እያየች ነበር። ስለ ሙሉመቤት ስጠይቃት የካቲት 28 ቀን ሥራ ለቃ መሄዷንና ሌላ ሰው እየፈለጉ መሆኑን ነገረችኝ።

ሣጥኑን ከፍቼ ስመለከት የወ/ሮ አስቻለች ካሜራ ከየካቲት 29 ቀን ጀምሮ እንዲጠፋ ታዟል። በምትኩ የኅዳር 4ቱ ምስል በየጠዋቱ ከ2፡00 ሰዓት ጀምሮ ወደ አሶሳ ይላካል። ከዚህ በተጨማሪ እኔ የማላውቀው የድምፅ ፋይል አገኘሁ። በጠዋቱ 1፡30፣ በቀኑ 6፡30 እና በምሽቱ 12፡30 በእናትየው ክፍል ስፒከር እንዲሰማ ተደርጓል። በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። የአቶ ፍሬአብ ድምፅ ነው፤ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ? አይዞሽ፣ መጣሁ፤ ትንሽ ጠብቂኝ» ይላል።

ካሜራውን መልሼ አበራሁትና የቀጥታውን ምስል ሳሎን ወዳለው ትልቁ ቴሌቪዥን ለቀቅኩት። ወ/ሮ አስቻለች ከዳይፐር በቀር ራቁታቸውን በጎናቸው ተኝተው ነበር። አንሶላው ጠቁሯል። ዝንቦቹ ሳይቀሩ በግልጽ ይታዩ ነበር። ወ/ሮ ደሊና «አጥፊው! እየበላሁ አይደል እንዴ!» ብላ ጮኸችብኝ። በሕይወቴ እንደዚህ የሚያስጸይፍ ቃል ሰምቼ አላውቅም። አላጠፋሁትም። ምስሉን ለወ/ሮ አምሳለም እንዲደርሳት ከፈትኩ፤ ማወቅ አለባት ብዬ ነው። ልክ ይሁን ስሕተት እስከ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ፎቅ ስወጣ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ወ/ሮ ደሊና ቁልፉ ከባለቤቷ ጋር መሆኑን ስትናገር የቁልፉን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝና ደረጃው ላይ አስመለሰኝ። አፍንጫዬን በሻርፕ ሸፍኜ ገባሁ። ዳይፐሩ ስንት ቀን እንዳልተቀየረ አላውቅም፤ ከቆዳቸው ጋር ተጣብቋል። ዳሌያቸው ላይ የመኝታ ቁስል አለ፤ ቁስሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቻለሁ። አጠገባቸው አንድ የውኃ ፕላስቲክና የደረቀ ዳቦ ነበር። «እማማ፣ ልዩ ነኝ፤ ቅዳሴ የከፈትኩልዎ» ስላቸው ወደ እኔ አላዩም። ኮርኒሱን ነበር የሚያዩት።

እርዱኝ ብዬ ስጮኽ ሰምታ ጎረቤት ወ/ሮ ፈትያ መጣች። አንድም ነገር ሳትጠይቅ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ውኃ አሙቃ ታጥባቸው ጀመር። እኔ አምቡላንስና ፖሊስ ጠራሁ። ይህን እያደረግን ሳለ 6፡30 ሰዓት ሆነና ከኮርኒሱ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ? አይዞሽ፣ መጣሁ፤ ትንሽ ጠብቂኝ» የሚለው ድምፅ ተሰማ። ወ/ሮ አስቻለች በደረቀ ከንፈራቸው «እሺ ልጄ። ሥራህን ጨርስ፤ እኔ እጠብቃለሁ» ብለው መለሱለት። ወ/ሮ ፈትያ እጇን ከውኃው ሳታወጣ አለቀሰች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ቆሜ ስፒከሩን ከነገመዱ ነቀልኩት። ንብረት አጥፍተሻል የምባል ከሆነ አምናለሁ፤ አጥፍቻለሁ።

አምቡላንሱ 7፡10 ሰዓት ላይ ደርሶ ሲወስዳቸው አቶ ፍሬአብ መጣ። ወደ እናቱ አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። «እህቴ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ንጹሕ ሆና ነው ያሳየኋት። ምን ጎደለባት?» አለኝ። ቀጥሎም «ደግሞስ የሠራሽው አንቺ አይደለሽም?» አለ። ያን ጊዜ የፖሊስ አባላት ደርሰው ስለነበር ሣጥኑን ከነፋይሎቹ አስረከብኩ።

ወ/ሮ አምሳለ ቅዳሜ መጋቢት 14 ቀን በአውሮፕላን መጥታ አብረን ሆስፒታል ገባን። በሩ ላይ ሆና «እማዬ፣ መጣሁ» አለች። እናትየው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አዞሩ እንጂ ወደ በሩ አላዩም። ሦስት ጊዜ ጠራቻቸው። ቀርባ እጃቸውን ስትይዝ ግን በጣቶቻቸው ክርኗን፣ ትከሻዋን፣ ፊቷን እየዳሰሱ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስሟን የጠሩት። ሐኪሞቹ ቁስሉ አጥንት መድረሱንና መትረፋቸውን ገና ማረጋገጥ እንደማይችሉ ነግረውናል።

ይህ ቃል በመርማሪው ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። መርማሪው ስለ ኅዳሩ ሥራ «ባለማወቅ ሠራሁለት» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። የሚጠቅመኝ መሆኑን ቢያስረዱኝም፣ እንዲሰረዝና «ሳልጠይቅ ሠራሁለት» ተብሎ እንዲተካ አመልክቼ ተስተካክሏል። ሌላው ሁሉ እንደተናገርኩት ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ መሆኑን ፍርድ ቤት ቀርቤም እደግመዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ልዩ ተከስተ
የመርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሊካሳ ዋቆ