ግራሶው ያልተጠረገለት ቶርኖ

(አዳማ፣ የጋሽ ዘርጋው ቶርኖ ቤት፤ ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተዋል፤ የሟች ወንድማቸው ልጅ ርብቃ ደጃፉ ላይ ቆማ ትሟገታቸዋለች።)

ርብቃ፦ ለእኔ ሳይነግሩኝ ለእናቴ ነገሯት። የምማረው እኔ፣ የምሄደው እኔ፣ አትሄድም መባሌን የሰማሁት ግን ከእናቴ አፍ፣ ያውም ሽንኩርት እየላጥኩ።

ዘርጋው፦ አለቀስሽ?

ርብቃ፦ በሽንኩርቱ አሳበብኩ። ደግሞ አያስቁኝ ጋሼ፣ ተናድጄ ነው የመጣሁት።

ዘርጋው፦ ተናደጂ። እኔም ከሕንድ የተመለስኩት ተናድጄ ነው። ሄድኩ፣ አየሁ፣ አትሄድም አልኩ። ማን ያውራ የነበረ።

ርብቃ፦ የነበረማ ምን እንዳየ ይናገራል። እናቴን ለምን ስላት አላውቅም፣ የሕንዱ ኮሌጅ ምን ሆነ ስላት አላውቅም፣ ጋሽ ዘርጋው ካሉ አሉ ነው የምትለኝ። የአባቴን ባጃጅ ሊገዛ ለተስማማው ሰውዬ እንኳ ደውላ ሽያጩ ቀርቷል አለችው። እስከ ዓርብ መልስ ካልላክን ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ዛሬ ሰኞ ነው።

ዘርጋው፦ ይስጡት። የወንድሜ ባጃጅ ለዚያ ኮሌጅ ከሚሸጥ ቆሞ ይዛግ።

ርብቃ፦ እርስዎ ብረት ይዛግ ሲሉ ገና ዛሬ ሰማሁ።

ዘርጋው፦ አፍሽን ያዢ።

ርብቃ፦ አልይዝም። እትዬ አስካለን ለልብ ሕክምና ሕንድ ይዘው ሲሄዱ የለመንኩዎት እኔ ነኝ። ኮሌጁ ከሆስፒታሉ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በዓይንዎ አይተውልኝ ይምጡ አልኩዎት። ደላላውም ወረቀቱም የሚለውን ይላል፣ እኔ የማምነው የእርስዎን ዓይን ነው አልኩ።

ዘርጋው፦ ለመንሽ፣ ሄድኩ። ሚስቴን ደረቷን ተቀድዳ በተኛችበት ለነርስ አደራ ብዬ፣ ቋንቋቸውን በማላውቅ ሰዎች መሀል ሦስት ሰዓት ባቡር ላይ ቆሜ ሄድኩ። ምስጋናው ይኸው ነው?

ርብቃ፦ አሥራ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዎት ነበር። ስንቱን ጠየቁልኝ?

ዘርጋው፦ አላስፈለገም።

ርብቃ፦ አንዱንም?

ዘርጋው፦ መጀመሪያ ወርክሾፑን አሳዩኝ አልኩ። አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ ወረቀትሽን ከኪሴ አላወጣሁትም።

ርብቃ፦ እንዴት ያለ ነገር ነው። ሰው ሽሮ ለመብላት ምግብ ቤት ሲገባ እንኳ ወጡንም እንጀራውንም መታጠቢያውንም ያያል። እርስዎ የአራት ዓመት ኑሮዬን በአንድ ክፍል ፈረዱት። እሺ፣ ጥያቄዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አሁን ይመልሱልኝ።

ዘርጋው፦ ሥራ አለኝ።

ርብቃ፦ ምሳ ሰዓት ነው፣ ማሽኑም ጠፍቷል። የሂሳብ መምህራቸው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ዘርጋው፦ እኔ ሂሳብ ምን አውቄ።

ርብቃ፦ ጋሼ።

ዘርጋው፦ ሽማግሌ ናቸው። በመስኮት አየኋቸው። ጠመኔ እስከ ክርናቸው ነጭ አድርጓቸዋል። የምሳ ደወል ተደውሎ ልጆቹ አልወጡም፣ እሳቸውም አልለቀቋቸው። እዚያው ሦስተኛ ዓመት የሚማር ገመቹ የሚባል የነቀምት ልጅ ያስተረጉምልኝ ነበር፤ ስለ እሳቸው ሲያወራ ስለ አባቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ርብቃ፦ አንድ። ቤተ መጻሕፍቱስ?

ዘርጋው፦ ሞልቷል።

ርብቃ፦ በመጽሐፍ ነው በሰው?

ዘርጋው፦ በሁለቱም። እሑድ ነበር ደግሞ።

ርብቃ፦ ቆይ፣ እሑድ ነው ሽማግሌው የሚያስተምሩት የነበረው?

ዘርጋው፦ ላልገባቸው ልጆች ነው አለኝ። ያለ ክፍያ።

ርብቃ፦ ሁለት። የሴቶቹ ማደሪያ?

ዘርጋው፦ ውሃ አለ። በር ላይ አንዲት ሴትዮ ቁጭ ብላለች፤ እኔን ሽማግሌውን እንኳ አላስገባችኝም። ደስ አለችኝ።

ርብቃ፦ እውቅናውስ አለ? ጨርሰው የመጡት ልጆች ዲግሪያቸውን እዚህ ተቀበሏቸው?

ዘርጋው፦ የእውቅናውን ደብዳቤ በመስታወት አድርገው የኮሌጁ አለቃ ክፍል ሰቅለውታል። ገመቹ ከሱ በፊት የጨረሱ ሁለት አበሾች አዲስ አበባ ሥራ ይዘዋል ብሎኛል። አንዱ የብሎኬት ማሽን የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ የማሽን ሥዕል ይሥላል።

ርብቃ፦ ታዲያ ምን ጎደለ? መምህር አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ውሃ አለ፣ ዘበኛ አለች፣ ክፍያው አዲስ አበባ ካለው ይቀንሳል። ይኼን ሁሉ አይተው ለእናቴ አንዱንም አልነገሯትም። ይኼ ነገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ኮሌጁን አይደለም የጠሉት። ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር አቋርጣ መሄዷን ነው።

ዘርጋው፦ ይቺን ነገር ሁለተኛ እንዳትደግሚያት። እንዲህ የማስብ ብሆን ደረቴን ነፍቼ እዚሁ አትሄጅም እልሽ ነበር እንጂ ሦስት ሰዓት ባቡር ላይ አልቆምም።

ርብቃ፦ እንግዲያው ይንገሩኛ።

ዘርጋው፦ የገባሽበት ክፍል ምንድን ነው?

ርብቃ፦ መካኒካል ምሕንድስና። ያውቃሉ።

ዘርጋው፦ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ወርክሾፑን ያልኩት። አለቃው ደስ ብሎት ከፊት ከፊቴ እየተራመደ ወሰደኝ። ስድስት ቶርኖ ተደርድሯል። አረንጓዴ ቀለሙ ያበራል። ያን ስልክሽ ላይ ስታሳዪኝ የነበረውን ፎቶ ያነሡት እዚያ ነው። እኔም ፊቴ በራ። ጠጋ ብዬ እንደ ልማዴ ጣቴን ቢላው የሚንሸራተትበት ሀዲድ ላይ አሳረፍኩ። ምን ነካሁ መሰለሽ?

ርብቃ፦ ምን?

ዘርጋው፦ ግራሶ። ከፋብሪካ ሲወጣ በመርከብ ላይ እንዳይዝግ የሚቀባው ግራሶ፣ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ማሽኑን ለማስነሳት ቢያስብ መጀመሪያ የሚጠርገው እሱን ነው። ወለሉን አየሁ። አንዲት የብረት ፍቅፋቂ የለችም። በካልሲ ትሄጂበታለሽ።

ርብቃ፦ ንጹሕ ሆነ ብለው ነው የጠሉት?

ዘርጋው፦ ይኼን ቤት እዪው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠረግሁት፤ ጠርጌ ጨርሼ አላውቅም። ሚስቴ እግሬን ደጅ ሳላራግፍ አታስገባኝም። ብረት የሚቆረጥበት ቤት ንጹሕ ከሆነ ብረት አይቆረጥበትም ማለት ነው።

ርብቃ፦ ማሽኖቹን በቅርቡ ገዝተዋቸው ቢሆንስ?

ዘርጋው፦ ሰው ላለመበደል እኔም ይህንኑ ጠየቅሁ። ገመቹ ሲገባም ነበሩ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይወለወላሉ፣ ሲሄድ በሩ ይቆለፋል። ልጆቹ ስለ ቶርኖ በመጽሐፍ ይማራሉ፣ ሥዕሉን ይሥላሉ፣ ይፈተናሉ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። አባትሽ ከሌሊት እስከ ሌሊት የነዳውን ባጃጅ ሸጣችሁ ለዚህ?

ርብቃ፦ ለአለቃው ነገሩት?

ዘርጋው፦ ነገርኩት እንጂ። በገመቹ አፍ። ልጁ ሳይፈራ ልክ እንደተናገርኩት ይተርጉምልኝ አይተርጉምልኝ አላውቅም፤ ሰውዬውን ግን አላበው። የወርክሾፑን መምህር ከቤቱ አስጠራው። ጎልማሳ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዲግሪ ያለው። አስነሳው አልኩት። ኤሌክትሪኩ የለም አለ። አምፖሉ እራሳችን ላይ እየበራ።

ርብቃ፦ ውይ፣ አፈረ።

ዘርጋው፦ እኔም አፈርኩለት። ኮቴን አውልቄ ሰጠሁት። ጋዝ አስመጣሁ፣ በጨርቅ ጠረግሁ፣ ዘይት አጠጣሁ፣ አንዱን አስነሳሁት። ምን ያደርጋል፣ ማሽን ነው እሺ አለኝ። ድምፁን ሰምተው ልጆቹ ከቤተ መጻሕፍቱ እየሮጡ መጡ። አንዲት ቁራጭ ብረት አሰርኩና ላጥኩላቸው። ገመቹ ምን አለኝ መሰለሽ? ጋሽዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዞር አይቼው አላውቅም። ልጁ ማልቀስ ነበር የቀረው።

ርብቃ፦ ከዚያስ?

ዘርጋው፦ ከዚያማ በቃ፣ አመሸሁ። አንድ በአንድ አስያዝኳቸው። ቢላውን እንዴት ያስራሉ፣ እጃቸውን የት ያደርጋሉ፣ ብረቱ ሲጮህ ምን ማለቱ ነው። በጣት፣ በጥቅሻ። መምህሩም ከልጆቹ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ጠበቀ። እውነቴን ነው፣ ሰውዬውን እዚያ ላይ ወደድኩት። ልወጣ ስል አለቃው ክንዴን ይዞ፣ ሚስትህ እስክትድን እዚህ ቆይተህ አታስተምርልንም ወይ አለኝ። ለእኔ። ስምንተኛ ክፍል ላቋረጥኩት። እስከ ባቡሩ ድረስ ሳቅኩ፣ ባቡሩ ላይ ግን ተናደድኩ። እኔን መምህር ሊያደርግ የሚለምን ኮሌጅ አንቺን ምን ሊያደርግሽ ነው?

ርብቃ፦ ስንት ልጆች ነበሩ?

ዘርጋው፦ ሃያም ይሆናሉ፣ ሃያ አምስትም።

ርብቃ፦ ሴቶችስ?

ዘርጋው፦ ነበሩ። ስድስት ሰባት ሴቶች።

ርብቃ፦ ሴቶቹንም አስያዟቸው?

ዘርጋው፦ ምን ነካሽ፣ ታዲያ ልለያቸው ነው? አንዷ እንዲያውም እጅ ነበራት። የልጅቷ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ርብቃ፦ እርስዎ ሰው አይደሉም።

ዘርጋው፦ ምን አልሽ?

ርብቃ፦ ሰው አይደሉም አልኩ። አባቴ በሞተ ሳምንት፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እዚህችው በር ላይ መጥቼ አስተምሩኝ አልኩዎት። ቤቱን ላግዝ፣ ሥራ ልልመድ አልኩ። ምን አሉኝ?

ዘርጋው፦ ርብቃ።

ርብቃ፦ ቶርኖ የሴት አይደለም፣ ሂጂ ደብተርሽን አጥኚ አሉኝ። አጠናሁ። ፈተናውን አለፍኩ፤ መንግሥት የእንስሳት እርባታ መደበኝ። ከዚያ ወዲህ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ስንት ቀን ምሳ አምጥቼ፣ ሳህኑ እስኪመለስ እዚህ ደጅ ቆሜ፣ በዓይኔ እየሰረቅሁ ተማርኩ። አንድ ቀን እንኳ ግቢ አላሉኝም። የማያውቋቸውን የሰው ልጆች፣ ቋንቋቸውን የማይሰሙትን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሯቸው። የልጅቷ እጅ አይንቀጠቀጥም ይሉኛል ደግሞ። የእኔን እጅ መቼ አይተውት ያውቃሉ?

ዘርጋው፦ እኔ አባትሽን አስቤ ነው። ልጄን አደራ ብሎኝ፣ ጣትሽ ቢቆረጥ ምን እለዋለሁ ብዬ ነው።

ርብቃ፦ የሕንድ ልጆች አባት የላቸውም?

ዘርጋው፦ አላቸው።

ርብቃ፦ እዚያ ያለው መምህር ማሽን አያውቅም፣ እሺ፣ ልክ ነዎት፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ግን ሲያሳዩት ከተማሪ ኋላ ተሰልፎ ተማረ። በሩ ተቆልፎ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ከፈቱት። እዚህ ያለው መምህር ሠላሳ አንድ ዓመት ያውቃል፣ በሩን ግን ለወንድሙ ልጅ ዘጋው። እስኪ ይፍረዱ ጋሼ፣ ኮሌጅ መመዘን ይችሉበት የለ። ከሁለታችሁ የትኛው ነው መጥፎ ትምህርት ቤት?

ዘርጋው፦ ምከረው ምከረው ይባላል ለእንዳንቺ ዓይነቱ።

ርብቃ፦ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ተረቱን ጨርሼልዎታለሁ፤ አሁን ጥያቄዬን ይመልሱ።

ዘርጋው፦ ዓርብ ነው ያልሽው የመጨረሻው ቀን?

ርብቃ፦ ዓርብ ነው።

ዘርጋው፦ ያ ምስማር ላይ ያለው ቱታ የሠራተኛዬ የተካልኝ ነው፣ አጭር ልጅ ስለሆነ ይበቃሻል። እጅጌውን አጥፊው፣ ልል ነገር እንዳይኖርሽ። የአንገት ሐብልሽንም አውልቂ። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ትመጫለሽ። ሐሙስ ብቻሽን ትቆሚና፣ ማንም ሳይነካልሽ፣ አንድ ብሎን ከነጥርሱ ቆርጠሽ ታሳዪኛለሽ። ከቆረጥሽ ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ፤ ትሂድ፣ እዚያ የሌለውን ይዛ ትሂድ እላታለሁ።

ርብቃ፦ በአራት ቀን? ተካልኝ እንኳ ብሎን ለመቁረጥ አራት ወር ፈጅቶበታል። ካልቻልኩስ?

ዘርጋው፦ ካልቻልሽ ጥፋቱ የእኔ የመምህርሽ ነው። ያኔ ኮሌጁን የምሰድብበት አፍ የለኝም፤ ትሄጃለሽ።