የወንዛዬ ውሃ በጀሪካን

እሑድ ረፋድ ላይ ወይዘሮ አመተማርያም በግቢያቸው ጥግ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር በዱካ ተቀምጠው ከሀዋ ጋር ይጫወታሉ። ሀዋ ከአጥሩ ማዶ ሱቅ ያላት፣ እንደ ልጅ የሚያዩዋት ጎረቤታቸው ናት፤ የመጣችውም ጉልበታቸው እንዴት እንዳደረ ልትጠይቅ ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ጎልማሳው አንድ ልጃቸው፣ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ የመስታወት ሳጥን አጠገብ አጎንብሶ፣ ትናንት ከወንዛዬ ፍል ውሃ ቀድቶ ያመጣውን ውሃ ከጀሪካን ይገለብጣል። በሳጥኑ ውስጥ የባሕር ዳር ወዳጁ የሰጠው ኤሊ አለች።

ወንዛዬ ቁርጥማት ያሠቃየው ሰው ሁሉ እየሄደ የሚታጠብበት፣ ሱባኤ ይዞ የሚሰነብትበት ቦታ ነው። ወይዘሮ አመተማርያም «ውሰደኝ» ማለት ከጀመሩ ፋሲካ መጥቶ ፋሲካ ሄዷል። ልጃቸውም ሁልጊዜ የሚመልስላቸው አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱ ይጎዳሻል።

እሳቸው ግን ወሬያቸውን የጀመሩት ከዚህ ሁሉ ርቀው ነው። የዘንድሮ ውርጭ ድንቹን እንዴት አድርጎ እንዳጠቆረው አነሡ። የሀዋ እኅት ፈሪዳ አራስነቷን በደኅና መጨረሷን ጠይቀው አመሰገኑ። የሀዋ ዓይን ከፀሐዩ ወደ ጥላው፣ ከጥላው ወደ ፀሐዩ ሲመላለስ ባዩ ጊዜ ግን፣ እስከ መስታወቱ ሳጥን እንዲሰማ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዱካዬ ከቦታው መነሣቱ ገርሞሽ ነው? ምን ይገርማል ሀዋዬ... እንግዳ ሲመጣ ባለቤት ጠጋ ይላል። ደሙ ቀዝቃዛ ለሆነ ፍጥረት የጧት ፀሐይ መድኃኒት ነው አሉኝ። የእኔ ደም እንደሆነ፣ ይመስገነው፣ ገና ትኩስ ነው። ከደብረ ታቦር ብርድ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ተዋውቀን አሁን ምን እንዳያደርገኝ?»

ከዚያ ከዱካቸው ሳይነሡ፣ አዲስ የተመረቀ ቤት እንደሚያስጎበኝ ሰው የኤሊዋን ማደሪያ ያሳዩአት ጀመር። አሸዋው ከወንዝ መጥቶ እጣቢው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ መታጠቡን፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው በባልዲ ማደሩን፣ መዋኘት ሲሰለቻት ወጥታ ጀርባዋን የምታሞቅበት ጠፍጣፋ ድንጋይ መቀመጡን፣ ከድንጋዩም በላይ አምፖል መሰቀሉን ተረኩ። የሳጥኑ ግማሽ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል፤ ፀሐዩ ቢበዛባት ጥላውን፣ ጥላው ቢቀዘቅዛት ፀሐዩን ራሷ እንድትመርጥ ነው። «ራሷ እንድትመርጥ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሉት። ባለፈው ሳምንት መብራት የጠፋ ጊዜም ሳጥኑ ብርድ እንዳይገባው በጋቢ ተጠቅልሎ አደረ። የማን ጋቢ እንደሆነ አልተናገሩም፤ ትከሻቸው ላይ ያለችውን ስስ ነጠላ ብቻ ሳብ አድርገው አስተካከሉ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ አሳቢ ከየት ይገኛል? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ... የእኔ ሆድ አንድ ብቻ ወልዶ ዥንጉርጉሩን ሁሉ በአንዱ ላይ ጨረሰው። ቀዝቃዛ ውሃ ለጤናዋ አይስማማትም ሲሉት ምን ያደረገ ይመስልሻል? ቅዳሜ በማለዳ ተነሣ። እስከ ሐሙሲት በሚኒባስ፣ ከሐሙሲት ወንዛዬ በባጃጅ... ያንን ሁሉ ኮረኮንች። ጀሪካኖቹን ባዶ ይዞ ሄዶ ሞልቶ መጣ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እያሉ የተረቱት እሱን ስላላዩ ነው። እሱ ሩቅ አስቦ ሩቅ ይደርሳል... ቅርቡ ነው እንጂ የሚርቀው።»

ሀዋ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ወይዘሮ አመተማርያም አልሳቁም፤ ይልቁንም ፊታቸውን በሐዘኔታ አጥቁረው የደረሰውን ነገር አስረዷት። የወንዛዬ ውሃ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ደብረ ታቦር ሲገባ እንደማንኛውም የምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ተገኘ። ቀጂው ክዳኑን ከፍቶ፣ ጣቱን ነክሮ፣ ወደ ጀሪካኑ አፍ እያየ ብዙ ቆመ። በመጨረሻም ፍል ውሃውን ምድጃ ላይ ጥዶ እንደገና አፈላው። ጥፋቱ የውሃው ነው እንጂ የሰው አይደለም አሉ፤ ውሃ ድሮም መንገድ አይችልም። ሰው ነው መንገድ የሚችለው፤ እሱም የሚወስደው ሲያገኝ።

«መንገዱስ እንዴት ነበር ብዬ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። ከሐሙሲት ወዲያ መንገዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጉልበት ለሚያመው ሰውማ ጨርሶ አይሞከርም የሚሉኝ ነበሩ... ማን እንደነበሩ አሁን ጠፋኝ። ተሠርቶ ይሆን? ወይስ ለጀሪካን ሲሆን ይለሰልሳል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉኝ አምኜ ጠበቅሁ። ምን ላድርግ ሀዋዬ... እንቁላሉ ሳይሄድ ጉልበቴ እንቁላል አክሎ አረፈው።»

የውሃው ድምፅ ቆመ። ልጁ ቀና አለ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ጀሪካኑን አስቀምጦ ወደ ቤት ገባና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዞ ወጣ። በሌላው ጀሪካን ሳይፈላ የተረፈውን ውሃ አንጠፍጥፎ ሳፋው ውስጥ ገለበጠው፤ ግማሹን እንኳ አልሞላም። በእናቱ እግር ሥር አኖረና፣ የታዘዘውን እንደፈጸመ ሰው አጠገባቸው ቆመ።

ወይዘሮ አመተማርያም ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ስንት ጊዜ በሐሳባቸው ወንዛዬ ወርደዋል፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሲመታው፣ ከማያውቋቸው አሮጊቶች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ሕመማቸው ሲያወሩ፣ ሱባኤው ሲያልቅ ያለ ምርኩዝ ዳገቱን ሲወጡ። ሳፋው ያንን ሁሉ ያህላል ብሎ ያሰበ ልጅ ከአጠገባቸው ቆሟል። ለአፍታ ጨዋታው ከፊታቸው ጠፋ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደራርቀው ወደ ሀዋ ዞሩ፤ ፈገግታቸው ከበፊቱ ይልቅ ጣፈጠ።

«አየሽልኝ? ወንዛዬ ልሂድ ስል ወንዛዬ ራሱ እግሬ ሥር መጣልኝ። ትራፊ ቢሆንስ... የጻድቅ ሰው ትራፊ በረከት ነው። እኔ እንደሆንኩ መርገም አልተማርኩም። እመርቃለሁ፣ አንቺም በእምነትሽ አሚን በይልኝ። ቤቱ ይሙላ። ደጁ ይድመቅ። አምላክ ደግ ሚስት ይስጠው፤ ከእሷም ወንድ ልጅ ያሳየው... መልኩ ብቻ ሳይሆን አንጀቱም ጭምር ቁርጥ እሱን የመሰለ። ዕድሜም አይንፈገው ሀዋዬ... ጉልበቱን እስኪያመው ድረስ ያኑረው።»